ዓለማየሁን ፎቶ ያነሳችው ሴትዮ ምን አጠፋች?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ጎንደር ውስጥ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። እኔ ዘንድም ደረሰ። የላከልኝ ልጅ «ጋሼ፣ የፎቶ ሰው ስለሆኑ ይመልከቱት» ብሎ ነው። ስለ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ነው የተጻፈው፤ የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን በ1868 እንግሊዝ አገር ፎቶ ስላነሳችው ሴት። ጸሐፊው የከተማችን ልጅ ነው። ስሙን አልጠራም። ክርክሬ ከጽሑፉ እንጂ ከልጁ ጋር አይደለም።

ያለውን ባጭሩ ላስቀምጠው። ሴትዮዋ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሩት የእንግሊዝ ቆንስል ሚስት ናት ይላል። ሥራ የፈታች ሀብታም በስጦታ ባገኘችው ካሜራ ስትጫወት ኖረች እንጂ ሙያተኛ አልነበረችም ይላል። ፎቶዎቿ የደበዘዙት ስለማትችል ነው፤ ፈረንጆቹ ጉድለቷን ጥበብ ብለው ሸፈኑላት ይላል። ከእሷ በፊት ካሜራ የያዙ ሴቶች ስለነበሩ ፈር ቀዳጅ መባሏ ውሸት ነው፤ የጎንደር ሴት ልጆችም ከእሷ የሚማሩት የለም ይላል። መጨረሻ ላይ ዋናው ይመጣል፦ የዓለማየሁ ፎቶ ራሱ የመቅደላ ዘረፋ አካል ስለሆነ ጎንደር ውስጥ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሁሉ ይውረድ።

ንዴቱ ይገባኛል። የዓለማየሁ ስም ሲነሳ ሆዱ የማይባባ ጎንደሬ አላውቅም። አባቱ የቋራ ሰው፣ እሱ ደብረ ታቦር የተወለደ፣ የእኛው ልጅ ነው። አውሮፕላን ማረፊያችን የሚጠራው በአባቱ ስም ነው፤ ፒያሳ ላይ የቆመው ሐውልትም የአባቱ ነው። ግን ንዴትም አድራሻ ይፈልጋል። ይሄኛው የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

«የቆንስሉ ሚስት ናት»

ይሄኛው ቶሎ ያልቃል። አይደለችም። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሩት ቆንስል ቻርልስ ደንከን ካሜሮን ይባላል። የጁሊያ ባል ደግሞ ቻርልስ ሄይ ካሜሮን ነው። ሁለቱም ቻርልስ፣ ሁለቱም ካሜሮን። ስሕተቱ ከየት እንደመጣ አልጠፋኝም። ግን «የጠላት ሚስት» ብሎ ስንት አንቀጽ ከመጻፍ በፊት የሰውየውን ሙሉ ስም ማየት ምን ይከብዳል?

ባሏ በ1795 የተወለደ የሕግ ሰው ነው። ሕንድ ውስጥ የእንግሊዝ መንግሥት ባቋቋመው የሕግ ኮሚሽን ውስጥ ሠርቷል። በ1838 ካልካታ ሲጋቡ በ20 ዓመት ይበልጣት ነበር። ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘው ምንም ጉዳይ የለም።

ወንድማችን ቢያውቀው ኖሮ የሚጠቀምበት አንድ ግጥምጥሞሽ ግን አለ። ንጉሡ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ ጠፋ። ትዕግሥታቸው ሲያልቅ ቆንስሉን በሰንሰለት አሰሩት። ይሄ የሆነው በጃንዋሪ 1864 መጀመሪያ፣ እዚሁ ጎንደር ነው። ጁሊያ ካሜሮን ደግሞ «ተሳካልኝ» ያለችውን የመጀመሪያ ፎቶዋን ያነሳችው በዚያው ወር መጨረሻ ነው። አንዱ ካሜሮን እግር ብረት ሲገባ ሌላዋ ካሜሮን ሥራ ጀመረች። ይገርማል። ዝምድና ግን አያደርግም።

«በስጦታ ካሜራ የተጫወተች ሀብታም»

ካሜራው ስጦታ ነው፤ ልክ ነው። በዲሴምበር 1863 ልጇና አማቿ ናቸው የሰጧት። ያኔ ዕድሜዋ 48 ነው። ልጆቿ አድገዋል። ባሏ ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ያለውን የቡና መሬቱን ሊያይ ሄዷል። ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት፣ ፍሬሽዋተር መንደር ውስጥ ቤቱ ጭር ብሎባታል። «እማማ፣ ብቻሽን ስትሆኚ ያጫውትሽ ይሆናል» ብለው ነው የሰጧት። እስከዚህ ድረስ ወንድማችን አልዋሸም።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ግን ዘሎታል። እኔ በጥቁርና ነጭ ፊልም ዘመን ፒያሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ሠርቻለሁ። ጨለማ ክፍል ገብቶ ማጠብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከእሷ ሥራ ጋር ሲነጻጸር የእኛው ነው ጨዋታ።

እንዲህ ነበር የሚሠራው። መጀመሪያ አንድ መስታወት ተወልውሎ ይጸዳል። አንዲት ቅንጣት አቧራ ከቀረች ፎቶው ላይ ትታያለች። ከዚያ ኮሎዲዮን የሚባል፣ ኤተር ኤተር የሚሸት ዝልግልግ ፈሳሽ መሃሉ ላይ ይፈስሳል። መስታወቱን በእጅ ይዞ ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ ከጥግ እስከ ጥግ ያዳርሱታል። ትርፉ በአንዱ ጥግ ይንጠባጠባል። ጨለማ ውስጥ በብር ናይትሬት ይነከራል። ሳይደርቅ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ሳይደርቅ ይነሳበታል። ሳይደርቅ ተመልሶ ጨለማ ክፍል ገብቶ ይታጠባል። ከደረቀ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ። ይሄ ሁሉ የደቂቃዎች ሩጫ ነው። የሚነሳው ሰው ደግሞ ሦስት አራት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። ብር ናይትሬቱ የነካው እጅ ይጠቁራል፤ በሳሙና አይለቅም። ለሥራው የምትጠቀምበት ፖታሲየም ሳያናይድ ደግሞ የለየለት መርዝ ነው። እሷም በጣም የምትፈራው እሱን እንደነበር ጽፋለች።

ይሄ ኔጋቲቩ ብቻ ነው። ፎቶው የሚታተመው በእንቁላል ነጭ በተቀባ፣ አልቡሚን በሚባል ወረቀት ላይ ነው። ኔጋቲቩን ከወረቀቱ ጋር አጣብቆ ፀሐይ ላይ ማዋል ነው። ስለዚህ ፎቶው የሚያክለው ኔጋቲቩን ነው። ትልቅ ፊት ከፈለግህ ትልቅ መስታወት ትሸከማለህ። እሷም በ1866 ትልቅ ካሜራ ገዛች፤ መስታወቱ 38 በ30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። እስቲ ያን የሚያህል መስታወት ላይ ፈሳሹን ሳታቋርጥ፣ ሳታጎድፍ አዳርሰው።

አብዛኛውን ራሷ እየሞከረች ነው የተማረችው። የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል አደረገችው። የዶሮ ቤቱን መስታወት አስገብታ ስቱዲዮ አደረገችው። ዶሮዎቹ ነፃ ወጡ፤ አልተበሉም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ አምናለሁም ብላ ጽፋለች። እኔ በዚህ በዚህ አላምናትም።

መጀመሪያ ያነሳችው አንድ የመንደሯን ገበሬ ነው። ምስሉ ወጣ። መስታወቱን ስትይዝ ግን ምስሉ ያለበትን ፊት በእጇ ዳበሰችው። ተፋቀ። ጨለማ ክፍል የሠራ ሰው ይሄን ሲያነብ ሆዱ ቁርጥ ይላል። ከዚያ ጃንዋሪ 29 ቀን 1864 አኒ ፊልፖት የምትባል ልጅ አስቀመጠች። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ አነሳቻት። ራሷ አጥባ፣ ራሷ አትማ፣ ራሷ ፍሬም ውስጥ አስገብታ በዚያው ማታ 2 ሰዓት ላይ ለልጅቷ አባት ሰጠችው። ፎቶው እንደተሳካ ስታይ ለልጅቷ የምትሰጠው ነገር ፍለጋ ቤቱን ሙሉ ዞረች። ሥራውን የሠራችው ልጅቷ እንጂ እሷ አልመሰላትም።

ከዚያ በኋላ ያለው የጨዋታ ታሪክ ይመስላል? በዚያው ዓመት የለንደን የፎቶግራፍ ማኅበር አባል ሆነች። በ1865 የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም ሥራዎቿን ገዛት። በ1866 በርሊን ላይ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። በ1868 ያው ሙዚየም ሁለት ክፍል ለስቱዲዮ ሰጣት። ፎቶዎቿን ለንደን ውስጥ በነጋዴ በኩል ታሸጥ ነበር። ከ500 በላይ ፎቶ በስሟ የባለቤትነት መብት አስመዝግባለች። ለመዝናናት የሚያነሳ ሰው ይሄን ሁሉ ፎርም አይሞላም። ገንዘቡም ያስፈልጋት ነበር፤ የሲሎኑ ቡና እንደታሰበው አልሆነላቸውም።

ወንድማችን እዚህ ላይ ሌላ ነገር ቢጽፍ ኖሮ አብሬው እቆም ነበር። ሴትዮዋ በ1815 ካልካታ የተወለደችው ከምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ባለሥልጣን ነው። የተማረችው ፈረንሳይ ነው። ሞዴል ሆነው ከተቀመጡላት መካከል የቤት ሠራተኞቿ አሉ፤ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቅኝ ግዛት ያቆመው ቤት ነው፤ አልክድም። ግን እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የኖሩ ሴቶች ብዙ ነበሩ። በ12 ዓመት ውስጥ ወደ 1,200 የሚጠጋ ምስል ትተው የሄዱት ስንቶቹ ናቸው?

«አለመቻሏን ጥበብ አሏት»

ይሄን ወንድማችን ከራሱ አላመጣውም። የዘመኗ የፎቶ ሰዎችም ብለውታል። የፎቶግራፍ ማኅበሩ መጽሔት ድፍረቷን አደንቃለሁ፣ ግን ለድፍረቷ ስትል ሌላውን የፎቶ ጥራት ሁሉ ጣለች ብሎ ወርፏታል። ጭረት አለ። የጣት አሻራ አለ። የተሰነጠቀ መስታወት ሳይጣል ታትሟል። እውነት ነው፤ እኛ ፎቶ ቤት ቢሆን አለቃዬ ግማሹን ያስጥላት ነበር።

ድብዝዝነቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ1864 መጨረሻ ለወዳጇ ለሥነ ፈለኩ ሊቅ ለጆን ኸርሸል ስትጽፍ «ፎከስ ምንድን ነው? ትክክለኛው ፎከስ ይሄ ነው የማለት መብት ያለውስ ማን ነው?» ብላ ጠይቃለች። የማያውቅ ሰው ይሄን አይጠይቅም። የማያውቅ ሰው ሌንሱን ይወቅሳል።

ከሁሉም የወደድኩላት ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ ድብዝዝ ፎቶዎቿ በአጋጣሚ እንደወጡ ራሷ ጽፋለች። ታናሹ ልጇ እንደዚያ ይላት ነበር፤ እውነቱን ነው አለች። ሌንሱን እያዞረች ለዓይኗ ያማረ ነገር ላይ ስትደርስ እዚያው ታቆማለች። ሌሎቹ ጥርት እስኪል ድረስ ያዞራሉ። እሷ ካማራት ትተወዋለች። አጋጣሚውን አየችው፣ ወደደችው፣ ደገመችው። ፎቶ ማንሳት ግማሹ ይሄው ነው።

በ1867 ያነሳችውን የኸርሸልን ፎቶ ያየ ሰው ይገባዋል። ሽማግሌ ነው። ከጨለማ ውስጥ ፊቱ ብቻ ይወጣል። ብርሃኑ በአንድ ወገን ነው። ነጭ ፀጉሩ ብትን ብሎ ጠርዙ ጭስ ይመስላል። ዓይኑ ግን እርጥብ ነው፤ የግንባሩ መስመር ይቆጠራል። የቱ ጋ መጥራት እንዳለበት፣ የቱ ጋ መለስለስ እንዳለበት የማያውቅ እጅ ይሄን አይሠራም። ቻርልስ ዳርዊን በ1868 ክረምት የእሷን ቤት ተከራይቶ ከርሞ ነበር። አነሳችው። ከተነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ይሄን በጣም እወደዋለሁ ብሎ ጽፎላታል።

ፒያሳ እኛ ዘንድ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የሚመጣ ሰው «ጥርት አድርገህ አንሳኝ» ይል ነበር። መብቱ ነው፤ ለመታወቂያ ነው። ሪታች አድርገን ጠባሳውን እናጠፋለት ነበር። ከዚያ ፎቶውን ሲያይ ደስ ይለዋል። እናቱ ግን «ይሄ ልጄን አይመስልም» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ወንድማችን ግን ፎቶ ሁሉ ለመታወቂያ የሚነሳ ይመስለዋል።

«የመጀመሪያዋ አይደለችም»

አይደለችም። ማን አለ? አና አትኪንስ በ1843 የባሕር አረም ምስሎችን በሰማያዊ ቀለም አትማ መጽሐፍ ማውጣት ጀምራለች። በርታ ቤክማን በ1840ዎቹ ጀርመን አገር ላይፕሲግ ውስጥ የራሷን ፎቶ ቤት ከፍታ ትሠራ ነበር። ሌዲ ክሌመንቲና ሃዋርደን ጁሊያ በጀመረችበት ጊዜ ለንደን ውስጥ ልጆቿን እያነሳች ሽልማት ታገኝ ነበር። እነዚህን ያላወቀ አድናቂ ካለ ወንድማችን ይውቀሰው።

ጁሊያ የከፈተችው ሌላ በር ነው። ያኔ ገበያው የካርድ ፎቶ ነበር። መጠኑ ከመዳፍ ያንሳል። ሰውየው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከጎኑ የውሸት ዓምድ፣ ከኋላው መጋረጃ። ፊቱ የምስር ፍሬ ታክላለች። እሷ መጋረጃውን ጣለች። ዓምዱን ጣለች። ካሜራዋን ይዛ ወደ ሰውየው ተጠጋች፣ ፊቱ መስታወቱን እስኪሞላው ድረስ። የእህቷን ልጅ ጁሊያ ጃክሰንን በ1867 እንደዚያ ነው ያነሳቻት። ዛሬ በየቦታው የምናየው ትልቅ የፊት ፎቶ ያኔ እንግዳ ነገር ነበር።

የጎንደር ሴት ልጆች ከእሷ የሚማሩት የለም ለሚለው፦ ለጥምቀት ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ካሜራ ይዘው የሚጋፉትን ተመልከቱ። ወንዱ ይበዛል። አጥሩ ላይ ወጥቶ ከሩቅ ይስባል። ተጠግታ አንዲት ፊት ላይ የምትቆም ልጅ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። አይዳ ሙሉነህ አለችልን፤ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተች፣ በ2019 የኖቤል የሰላም ሽልማት ኤግዚቢሽንን ያዘጋጀች። «እሷ ካለች ያቺ ለምን?» የሚለው ክርክር አይገባኝም። አንዷን ለማክበር ሌላዋን ማውረድ አያስፈልግም። በ48 ዓመቷ የጀመረች ሴት ታሪክ ደግሞ «አሁንማ አለፈኝ» ለምትል ለየትኛዋም እህታችን ይጠቅማል።

«ፎቶው የዘረፋው አካል ነው»

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

መቅደላ የወደቀችው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ጁሊያ ካሜሮን እዚያ አልነበረችም። ኢትዮጵያን ረግጣም አታውቅም። ወንድማችን «ከጦሩ ጋር የመጣች ካሜራ» ሲል ከሌላ ነገር ጋር ቀላቅሎባታል። ከናፒየር ጦር ጋር ካሜራ መጥቷል፤ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች የራሳቸው ፎቶ አንሺዎች ነበሯቸው። መቅደላን አንስተዋል። ዓለማየሁንም ጦር ሠፈር ውስጥ አንስተውታል። እነዚያ የጦር ሥራ ናቸው።

ልጁ የሰባት ዓመት ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከሚመለሰው ጦር ጋር ሲጓዙ አባቱ በሞቱ በአንድ ወር በመንገድ ላይ ሞቱ። ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁን ይዞት የሄደው ካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ነው። ቀድሞ በቴዎድሮስ ቤት ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገር፣ አገራችን ሰው «ባሻ ፈለቀ» ይለው የነበረ ረጅም ሰው። በጁላይ 1868 እንግሊዝ ደረሱ። ንግሥት ቪክቶሪያ ያኔ ዋይት ደሴት ላይ ባለው ኦስቦርን ቤቷ ነበረች። ልጁ ወደዚያች ደሴት ተወሰደ። ስፒዲ የሚያጫት ሴት ቤተሰቦች ደግሞ እዚያው ፍሬሽዋተር ነበር ቤታቸው። ጁሊያ ካሜሮን ልጁን ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው። ጎረቤት ሆኖ መጣላት።

የሚወቀስ ነገር አለ? አለ። ስፒዲ የአበሻ ልብስ ለብሶ ከልጁ ጋር የተነሳባቸው ፎቶዎች ቲያትር ናቸው። ጦር ይዞ ከእግሩ ሥር ሰው ያጋደመበት ትዕይንትም አለ። እሱን ሳይ እኔም ይቀፈኛል። ለንደን ያኔ በመቅደላ ወሬ ሰክራ ነበር፤ የ«ንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» የሚል ፎቶ ገበያ ነበረው፤ እሷም ይሄን የማታውቅ ሴት አልነበረችም። ልጁ ተነሳ ሲባል ተነሳ። «ትፈቅዳለህ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ወንድማችን በዚህ ቢጀምር ኖሮ ጽሑፉ ሌላ ጽሑፍ ይሆን ነበር።

ግን ልጁን ብቻውን ያነሳችውን ተመልከቱ። ነጭ ልብስ ለብሷል። አንገቱ ላይ ጌጥ አለ። አይስቅም። በዚያው ሰሞን ያው ደሴት ላይ ያለ ሌላ ፎቶ ቤትም አንስቶታል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ የእንግሊዝ ልጅ ልብስ አልብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ የደህና ቤት ተማሪ አስመስለው አንስተውታል። የመንግሥት ሰዎች የፈለጉት «ልጁ ደህና ነው» የሚል ፎቶ ነው። እሷ ያነሳችው ደህና ያልሆነ ልጅ ነው። ደቂቃዎች ሙሉ ዝም ብሎ ተቀምጦ ፊቱ ላይ የቀረውን ነገር አላጠፋችውም። «ፈገግ በል» አላለችውም። ይሄ ምሕረት ነው አልልም። ምስክርነት ነው ግን።

ደግሞ አስቡት። የአባቱ እስካሁን የታወቀ ፎቶ የለም። ያለን ሥዕል ነው። ሰው ሁሉ በየሐሳቡ የሚስለው ቴዎድሮስ ነው። ከዚያ ቤት በካሜራ የተያዘልን ፊት የልጁ ነው። በ2007 ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አጽሙ ይመለስ ብለው ሲጠይቁ፣ በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን መቃብር ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ እምቢ ሲል፣ ሰው በየጋዜጣው ያየው ያንን ሕፃን ፊት ነው። ፎቶዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ክርክራችን ስም ብቻ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ አድራሻው እንምጣ። ወንድማችን ዘረፋ ፍለጋ ፎቶ ላይ ተንጠላጥሏል። የራሳችን የቁስቋም ዕቃ ግን እዚያው አጠገቡ ነበር። ሥራዎቿን የገዛው የሳውዝ ኬንሲንግተን ሙዚየም ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ይባላል። ከመቅደላ የተወሰደ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ እዚያ ነው ያለው። ጽዋው ላይ የተጻፈውን አንብቡት። ዳግማዊ ኢያሱና እቴጌ ምንትዋብ ለቁስቋም ታቦት እንደሰጡት ይናገራል። ቁስቋም! ከፒያሳ በእግር የሚኬድ ቦታ። የወርቅ ጽዋን መጠየቅ ሲቻል አልቡሚን ወረቀት ላይ መንቀጥቀጥ ለምን አስፈለገ?

ስለ ዘረፋ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ቅር የሚለው ይበለው። የቁስቋም ጽዋ መቅደላ በእግሩ አልሄደም። ጎንደርን በ1866 ያስዘረፉትና ያቃጠሉት ራሳቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተወሰደው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ነው መቅደላ የተከማቸው። አያቶቻችን ይሄን ያውቁ ነበር፤ ግጥምም ገጥመውበታል። ይሄ የእንግሊዝን ዕዳ በአንድ ሳንቲም አይቀንሰውም። ግን «የዘረፋ አካል የሆነ ሁሉ ይውረድ» ካልን ፒያሳ ላይ ስለቆመው ሐውልት ምን ልንል ነው? እኔ ሐውልቱ ይውረድ አላልኩም። ፎቶውም አይውረድ ነው ያልኩት።

ስለ ሁለቱ መጨረሻ ጽሑፉ አንዳች አይልም። ጁሊያ ካሜሮን በ1875 ከባሏ ጋር ወደ ሲሎን ሄደች። እዚያ ያነሳችው ጥቂት ነው። ጃንዋሪ 26 ቀን 1879 በ63 ዓመቷ ሞታ እዚያው ተቀበረች። ዓለማየሁ በስፒዲ እጅ ሕንድ ደርሶ ተመለሰ፤ ከዚያ ከስፒዲ ለይተው ቼልተንሃም አስገቡት፣ ከዚያ ራግቢ፣ ከዚያ የሳንድኸርስት ጦር ትምህርት ቤት። የሳንባ ሕመም ይዞት ኖቬምበር 14 ቀን 1879 ሊድስ አጠገብ ሞተ። 18 ዓመቱ ነበር። አነሺዋና ተነሺው በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ሁለቱም ከተወለዱበት አገር ርቀው ሞቱ። አንዷ ግን በፈቃዷ ነው የሄደችው።

ይውረድ ለተባለው ፎቶ የማቀርበው ሐሳብ ይሄ ነው። ብዙ ቦታ የተሰቀለው ያለ ምንም ጽሑፍ ነው፤ ወይም «ልዑል ዓለማየሁ» ብቻ ይላል። ወንድማችንን ያበሳጨው ግማሹ ይሄ ይመስለኛል፤ እኔንም ያበሳጨኛል። ፎቶው ሥር በደንብ የሚነበብ ጽሑፍ ይደረግ። ለምሳሌ ከስፒዲ ጋር ላለው እንዲህ ቢባል፦

«ደጃዝማች ዓለማየሁ ቴዎድሮስ። ሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ተወለደ። አባቱ መቅደላ ላይ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከአንድ ወር በኋላ በመንገድ ላይ ሞቱ። የእንግሊዝ ጦር ወስዶት ዋይት ደሴት ላይ በ1860 ዓ.ም. ክረምት የተነሳው ነው። ሰባት ዓመቱ ነበር። አብሮት ያለው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ በእኛ አጠራር ባሻ ፈለቀ። የልጁ አጽም እስካሁን እንግሊዝ አገር ዊንድዘር ነው። ፎቶ፦ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን።»

ቦታ ከጠበበ ከስፒዲ ላይ ቀንሱ። የእናቱን ስም እንዳታወጡ።